ጆሮዋን ያልነካችው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ተረፈ አንድ ነገር ተናግሮ ስብሰባውን በሙሉ አሳቀው፤ እኔን ብቻ አላሳቀኝም። ተረፈ ድሮ ሚሽኑ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። አሁን እንደኔው ጡረተኛ ነው፤ ምላሱ ግን ጡረታ አልወጣም። የተሰበሰብነው የሚሽኑ ደጋፊዎች ነን። ደጋፊ ስላችሁ ትልልቅ መኪና የሚነዱ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ሁለት ሦስት የቀድሞ አስተማሪዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲው እየመጡ ልጆቹን የሚያስጠኑ ወጣቶች፣ እምነታቸው ሌላ ሆኖ ሳለ የዩኒፎርም ጨርቅ አስቀርተውብን የማያውቁ አንድ የገበያ ሐጂ፣ በየማለዳው ለልጆቹ ዳቦ የምትልከው ዘነበች፣ እንግዲህ እኛ ነን። ዘነበች የራሴው ተማሪ ነበረች፤ አሁን እዚሁ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ዳቦ ቤት አላት። ሚሽኑ ወላጅ የሌላቸውን፣ ቤተሰብ ቢኖራቸውም የሚያሳድጋቸው ያጡትን ልጆች ይዞ ያሳድጋል፣ ያስተምራል፤ እኛ ደግሞ የጎደለውን እንሞላለን። የዕለቱ ጉዳይ የመስከረም ምዝገባ ነበር። ለአንደኛ ክፍል የሚመጣው ልጅ ብዙ፣ ወንበሩ ጥቂት፣ የልደት ወረቀት ያለው ደግሞ ከስንት አንድ። ዕድሜያቸውን በምን እንለይ ሲባል ተረፈ ብድግ አለና "ምን ያስጨንቃችኋል? እንደ ድሮው እጃቸውን በአናታቸው አሳልፈው ጆሯቸውን ይንኩ!" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ነገሩ አልገባቸውም ነበርና ተረፈ ራሱ መሃል ቆሞ አሳያቸው። ቀኝ እጁን በዚያ በራሰ በራው ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ያዘ። ድሮ እንዲህ ነበር። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው ሲባል እናቱም አታውቅ፣ ወረቀት የለ፣ ስለዚህ እጁ ጆሮው ከደረሰ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ይግባ፤ ካልደረሰ ለከርሞ ይምጣ። አገር በሙሉ የሚያውቀው ሕግ ነበር፤ የማንም ሰው ተንኮል አልነበረበትም። ወጣቶቹ እየሳቁ አንዱ የሌላውን ጆሮ ሲለኩ እኔ ብርጭቆዬን ጨብጬ መሬት መሬት አያለሁ። በዚያ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የምፈርደው እኔ ነበርኩ እኮ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ይሁን ተለውጦ ጥቂት ቆይቶ ተምታቶብኛል። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። አሁን ታቦር ተራራ ሥር ካለው ቤቴ እስከ ባህል አዳራሽ የሚያወርደኝ ባጃጅ ያኔ የት ነበርና! ጋሪ ነበር እንጂ። ፈረሱ አንገቱ ላይ ቃጭል፣ ግንባሩ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ይታሰርለታል፤ ባለጋሪው ደግሞ ከፈረሱ በላይ ለብሶ ይወጣል። ከገበያ እስከ ሚሽኑ በር ስሙኒ ነው። ስሙኒ! ዛሬ ለአንድ ሕፃን ስሙኒ ብትሰጡት የሸሚዝ ቁልፍ ነው ብሎ ይወረውረዋል። ዳቦ በሳንቲም ነበር፤ ያውም እጅ የሚሞላ ዳቦ። ዘነበች አትስማኝና፣ የዛሬው አንዱ በሁለት ጉርሻ ያልቃል። ገበያው ጥግ ካሴት ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ጠዋት አንዱን የፍቅር ዘፈን ይለቀዋል፣ ጋሪው ሲነሳ የጀመረው ሚሽኑ በር ስንደርስም ከጆሮዬ አይወጣም። እኔም በዚያ ዘፈን እየተወዛወዝኩ፣ ቴትሮን ጉርድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ተረከዙ ወፍራም ጫማዬን አድርጌ፣ ምንም የማይሳነኝ መስሎኝ ወደ ሥራ እገባ ነበር። ተረፈ ያኔ ጸጉር ነበረው፤ ፋሽኑ ካለፈበት ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ ያን ሰፊ ቦላሌ ሱሪውን አልተወም። ከተማዋ ትንሽ ስለነበረች ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ በር ላይ ቆሜ የማውቀው ፊት ያየሁ መስሎኝ ለሰላምታ እጄን አነሳለሁ፣ የሚቆምልኝ ግን ባጃጅ ነው።

ሚሽኑ ያኔ ሁለት ረጃጅም ቆርቆሮ ቤትና አንድ ግቢ ነበር። የምትመራው ሲስተር የውጭ አገር ሰው ናት፤ ብዙ ዘመን ከመቆየቷ የተነሳ ሲዳሙ አፎን እንደ አገሬው ትናገራለች፣ አማርኛውም አያቅታትም። ገጠር ስትወጣ ገበያተኛው ሁሉ ስሟን እየጠራ ይከባታል። እኔ ደግሞ ከሌላ ክፍለ አገር ተቀጥሬ የመጣሁ፣ ከሲዳሙ አፎ ሰላምታ ብቻ የማውቅ፣ ኩራቴ ግን የሁለት ሰው የሆነ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። በምዝገባው ቀን ሲስተር አጠገቤ ሆና ትተረጉምልኛለች። ያን ዕለት ግን የታመመ ልጅ ይዛ ወደ ሆስፒታል ሄዳ ብቻዬን ቀረሁ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ መንገዱን ይዟል። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አቧራው፣ የልጆቹ ለቅሶ፣ የእናቶቹ መገፋፋት፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ፣ አይ ያ ቀን!

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት አንዲት ልጅ ይዛ ቀረበች። ልጅቱ ጸጉሯ ተላጭቷል፤ የለበሰችው የትልቅ ሰው ሸሚዝ ነው፣ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። "እጅሽን በአናትሽ ላይ" አልኳትና ራሴ አድርጌ አሳየኋት። ቀኝ እጇን አነሳች። ግንባሯ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ሞከረች፣ አሁንም ቆመ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሴትየዋም ወደ ልጅቱ እየጠቆመች ቶሎ ቶሎ የሆነ ነገር ትነግረኛለች። እንዲህ ያለው ልመና ከጠዋት ጀምሮ ሰልችቶኝ ነበር። ሁሉም "ደርሳለች፣ ደርሷል" ነው የሚለኝ። ይቺም ያው ናት ብዬ "ለከርሞ!" አልኩና ወደ ኋላዋ አይቼ "ቀጣይ!" ብዬ ተጣራሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ስም የሚጠየቀው እጁ የደረሰለት ልጅ ነበርና።

ምሳ ላይ ዘበኛችን ጋሽ ላንቃሞ ሻይ ይዘውልኝ መጡ። ቀስ ብለው "ያቺ ክንዷ የተሰበረው ልጅ ገባችልሽ?" አሉኝ።

"የቷ?" አልኩ።

"ጸጉሯን የተላጨችው እንጂ። ከአክስቷ ጋር በር ላይ ተጫውተን ነበር። አባትም እናትም የሏትም። ከዛፍ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰብሮ፣ ወጌሻው አጣሞ አስሮባት፣ ክርኗ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፤ ሰባት ዓመት ግን ሞልቷታል።"

ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። በዚያ ጫማ ሮጬ ጋሪ ያዝኩ፣ ባለጋሪውን "ግረፈው!" እያልኩ መናኸሪያ ደረስኩ። ወደ ገጠር የሚሄዱትን መኪናዎች አንድ በአንድ አየሁ። በመስኮት እያጮለቅሁ "የተላጨች ልጅ የያዘች ሴት አይታችኋል?" እላለሁ። የተላጨች ልጅ ስንት አለ! አንዱ ረዳት "እንዲህ ያሉ ሰዎች ቅድም በሄደው መኪና ሳይሄዱ አይቀሩም" አለኝ። "ስሟ ማነው?" አለኝ ደግሞ፣ ሊረዳኝ ብሎ። ምን ልበለው? መናኸሪያው መሃል አቧራ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ረዳት እብድ መስዬው መሆን አለበት።

ለሲስተር ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ በተቆጣችኝ በወደድኩ። "እንፈልጋታለን" አለች ብቻ። ገጠር በወጣች ቁጥር በየገበያው ትጠይቃለች፤ ስም የሌላት ልጅ ግን በምን ትገኝ? ከዚያ ወዲህ ያን የጆሮ ነገር እርግፍ አድርጌ ተውኩት፤ ሲዳሙ አፎንም በቁጭት ተማርኩ። በየመስከረሙ ሰልፉ ላይ ዓይኔ የሚንከራተተው ያን ክንድ ፍለጋ ነው። ልጆቹ ዓመት በዓመት ሲገቡ፣ ሲማሩ፣ አንዳንዱ ባለሙያ ሆኖ ተመልሶ ሲስመኝ ሰው "እትዬ ጸዳለ፣ የታደሉ ነዎት" ይለኛል። እኔ ግን በውስጤ የማስበው የመለስኳትን ነው። ማንበብ ሳትችል ቀርታ ይሆን? በልጅነቷ ድረዋት ይሆን? ከተማ ጠፍታ የሰው ቤት ገብታ፣ አንዲት ክፉ እመቤት በዚያ በተጣመመ ክንዷ ውሃ እያስቀዳቻት ይሆን? አግብቼ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፤ ይሄ ነገር ግን ለሌላ ለማንም ሳልነግረው አብሮኝ አረጀ። ሲስተርም ጋሽ ላንቃሞም ካረፉ በኋላ የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ሁሉም እየሳቀ ሳለ ተነሳሁ። "ተረፈ፣ እስቲ ተቀመጥ" አልኩት። ሁሉንም ተናገርኩት፤ ሸሚዙን፣ እንባዋን፣ መናኸሪያውን። "በእኔ እጅ አንዲት ልጅ ጠፍታለች። ሁለተኛ በዚህ ግቢ ውስጥ ልጅ በክንዱ አይለካም፤ ጎረቤት ይጠየቅ፣ ቀበሌ ይጠየቅ፣ ጊዜ ወስዳችሁ ሰው አነጋግሩ" አልኩና ተቀመጥኩ። ሐጂው "አላህ ያቅልልልሽ እህቴ" አሉኝ። ተረፈ ምስኪን ራሰ በራውን እያሻሸ "እኔ ምን አውቄ" ይላል። ሐሳቤ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ዘነበች ግን ስብሰባው ሳያልቅ ብድግ ብላ ወጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ይቺ ልጅ እኔን ታከብረኝ ነበር፣ አሁን ተቀየመችኝ፣ ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ።

ስብሰባው አልቆ ስወጣ በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን አይቆጡኝም?"

"ስንት ዓመትሽ ሆኖ ነው ቁጣ የምትፈሪው? ተናገሪ እንጂ።"

"ያቺ ልጅ አልጠፋችም።"

"የቷ ልጅ?"

"ክንዷ የተሰበረው። በዓመቱ ተመልሳ መጥታለች። የመዘገቧት እርስዎ ራስዎ ነዎት።"

"ዘነበች፣ እባክሽ፣ ዛሬ ለቀልድ አልሆንም" አልኳት፤ እውነትም ተቆጥቼ ነበር።

የሹራቧን ቀኝ እጅጌ ቀስ አድርጋ ሰበሰበችው። ክርኑ ወጣ ብሎ ጎብጧል፤ ልታጥፈው ሞከረች፣ ግማሽ ደርሶ ቆመ። እኔም የት እንደቆመ አየሁ። የግቢውን ግንብ ተደገፍኩ። ስድስት ዓመት አስተምሬያታለሁ! ከዚያ በኋላም በየመንገዱ ስንት ጊዜ ተሳስመናል፣ ስንት ስብሰባ አብረን ተቀምጠናል። ዓይኔ የት ነበር?

ደግፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። "ያን ዕለት ስንመለስ" አለች፣ "መኪናው ውስጥ አክስቴ 'እስቲ በግራሽ ሞክሪው' አለችኝ። ሞከርኩ፣ ጆሮዬን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። አክስቴ 'አቁም! ደርሳለች!' ብላ ሹፌሩ ላይ ጮኸችበት። ማን ይስማት፣ ሰው ሁሉ ሳቀባት። ሌላ መሳፈሪያ ደግሞ አልነበራትም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ዓመቱን ሙሉ ተለማመድኩ። ጥጆች ስጠብቅም፣ እንጨት ስለቅምም በግራዬ ጆሮዬን እነካለሁ። ግራ መሆኑን እንዳያዩብኝ ፈጠን ማለት ነበረብኝ። መስከረም ሲደርስ አክስቴ ታማ አጎቴ አመጣኝ። ጸጉሬም አድጓል። ተራዬ ሲደርስ ሳልጠየቅ እጄን አነሳሁልዎት።"

"እኔስ ምን አልኩሽ?"

መሳቅ ጀመረች። "ቀና ብለው ፊቴን እንኳ አላዩም። 'አውርጂው እጅሽን፣ ማን አዘዘሽ? ስምሽን ንገሪኝ' አሉኝ። ያን ሁሉ ተለማምጄ ሳያዩልኝ ቀሩ ብዬ እንዴት እንደተናደድኩ!"

ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት ሕጉ መቅረቱን ማን ያውቃል? ግማሹ ሰልፈኛ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ነው የቆመው፤ እኔም አውርዱ እያልኩ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

"ሹራቡስ?" አልኳት። አሁን እየመጣልኝ ነው። አንዲት ቢጫ ሹራብ ነበረቻት፤ በሀዋሳ ሙቀት፣ ያውም መጋቢት ላይ፣ አውልቂ ስላት ብርድ ብርድ ይለኛል ትለኛለች። ወባ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ልኬያታለሁ።

"ክንዴን እንዳያዩት ነዋ! ደወሉስ? ደወል ደዋይ አድርጉኝ ብዬ የለመንኩዎትን ያስታውሳሉ?"

"ትጉ ልጅ ናት ብዬ ለተማሪው ሁሉ ምሳሌ አድርጌሽ እኮ ነበር!"

"ጠዋት ስፖርት ላይ 'ሁለት እጅ ወደ ላይ' ሲባል እኔ ደወሉ ጋ ነኛ።"

"ለምን አልነገርሽኝም፣ አንቺ ልጅ? ለምን?"

ሳቋ ቆመ። "ካወቁኝ የሚመልሱኝ መስሎኝ ነበር እትዬ። ያቺ የመለስኳት ናት፣ ተሳስቼ ነው ያስገባኋት ብለው። ስድስት ዓመት በሙሉ የፈራሁት እሱን ነው። ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል እኔን የሚያስታውሱኝ አልመሰለኝም። ዛሬ ሲናገሩ ነው ያወቅሁት። ይሄን ያህል ዘመን በኔ ነገር ሲቃጠሉ እንደኖሩ ባውቅ ኖሮ ገና ያኔ በሮጥኩልዎት።"

እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርም። እኔ ያቺን ልጅ ስፈልግ፣ ያቺ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ከእኔ ስትደበቅ! ክንዷን ያዝኩት፣ ያን የጎበጠ ክርን ደባበስኩት፣ ሳምኩት። "ያን አንድ ዓመት ግን ቀምቼሻለሁ" አልኳት።

"አልዋሽዎትም፣ ያን ዓመት ጠልቼዎት ነበር" አለችኝ። "በኋላ ማንበብ ሲያስተምሩኝ ተውኩት።"

ሌላ ሰው ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ፣ ምናምን ይል ነበር። የሷ ይበልጥ ገባኝ። ባጃጅ ልጥራልዎት ብትለኝ እንቢ ብዬ ወደ ታቦር በእግሬ አዘገምኩ። ሌላ ጊዜ ጉልበቴን ያመኛል፤ ያን ቀን ግን አልተሰማኝም። ዳገቱ መሃል ላይ ቆም ብዬ ብቻዬን ስስቅ አንድ ባለሱቅ "እማማ፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። "ከመቼውም በላይ ደህና ነኝ!" አልኩት። ደግሞ ያልተጠየቀውን ሁሉ አወራሁለት፤ ምስኪን፣ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቀዋል።

በማግስቱ እሑድ ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ጸሎቴ ረጅም አይደለም፤ ልጆቼን በስም በስም፣ ከዚያ የልጅ ልጆቼን፣ የሞቱትን ነፍስ፣ በመጨረሻ አንዲት የማላስቀራት ልመና አለችኝ። ሌላውን ጨርሼ እዚያ ስደርስ አፌ ልማዱን ይዞ "ያቺን ልጅ ባለችበት ጠብቃት" አለ። ከዚያ ንዴቴ መጣ። "ባለችበት? አንተማ ያለችበትን ታውቅ ነበር!" አልኩት ፈጣሪዬን። "ስድስት ዓመት ሙሉ እፊቴ አስቀምጠሃት፣ በየቀኑ ስሟን ከመዝገብ ላይ እየጠራሁ፣ እሷም 'አቤት' እያለችኝ፣ እኔ ጠብቃት እያልኩ ስለምንህ አንዴ እንኳ 'ቀና ብለሽ እያት' አትለኝም?" ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አጠገቤ ያሉት ሴት ዞረው አዩኝ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ጨረስኩት፤ "ደግ፣ ይሁን። ጠብቀሃታል። አሜን።"